መጨረሻ የማይናገረው ማስተር

ማስተር ሂራላል ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ የፀጉር አስተካካዩ የሻፊቅ ምላጭ ግራ ጉንጩን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሊሻገር ሲል ነው ስሙ ሲነሳ የሰማው። ከኋላው አግዳሚ ላይ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ባለ አበባ ሸሚዝ ሰውዬ፣ መስታወቱ አጠገብ የተለጠፈችውን የደብተር ወረቀት እያነበበ፣ «ይሄ ማስተር የምትሉት ሰውዬ እኮ አጭበርባሪ ነው» አለ። «አንድም ፊልም ጨርሶ አይቶ አያውቅም። የኮሮቮው አውቶቡስ ሹፌር የሚስቴ አጎት ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ጃንጥላውን ይዞ የፊት ወንበር ላይ ጉብ ብሎ ነው የማገኘው ብሎኛል። ፊልሙ ደግሞ የሚያልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እስቲ አንተው አስላው።»

ሻፊቅ ምላጩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ እሱ ያውቃል፤ ሰውዬው አያውቅም። «እኔ ፀጉር እንጂ ሒሳብ አልተማርኩም» አለ ቀዝቀዝ ብሎ። «ማስተር መጨረሻ የማይናገሩት ጨዋ ስለሆኑ ነው። ስንቱ ነው ከሲኒማ ወጥቶ፣ ገና እዚህ ሳይቀመጥ፣ ማን እንደሞተ የሚለፈልፍብኝ። ካላመንክ ወንድማቸውን ጠይቅ፣ ጨርቅ ሻጩን ሞቲላልን። እኔ ጠይቄዋለሁ። ‹ወንድሜ የጀመረውን ሳይጨርስ አይነሳም› ነው ያለኝ።»

«ዛሬ ይለይለታል» አለ ባለ አበባ ሸሚዙ። «ያች ማካሬታ የምትባል ልጅ የሠራችው ፊልም ሲያልቅ መድረክ ወጥቶ ስለ መጨረሻው እንዲናገር ጠርተውታል፤ በየግድግዳው ተለጥፏል። እኔም አሥራ ሁለት ዶላሬን ከፍዬ እገባለሁ። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳይሆን ከወንበሩ ላይ ነው የማልነቅለው።»

አይ ሂራላል። ሰው በውሸት ሲወነጀል ደሙ ይፈላል፤ በእውነት ሲወነጀል ግን ምኑ እንደሚፈላ እንጃ። ነገሩ እውነት ነበራ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከኮሮቮ ማዶ ካለው መንደሩ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ዋና ከተማዋ ሱቫ ይገባል። ስምንት ሰዓት ላይ ሲኒማ ቤት ነው። አሥር ተኩል ሲሆን ጃንጥላውን አንስቶ ይወጣል፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ይነሳላ። ከሦስት ሰዓት ያነሰ ፊልም ለእሱ ማስታወቂያ ስለሆነ አያየውም። ስለዚህ ፖሊሱ ሽጉጡን ሲመዝ አይቷል፤ ሲተኩስ አላየም። ሙሽሪት ስታለቅስ አይቷል፤ ለማን እንደተዳረች እስከ ዛሬ አያውቅም። ቲያትርም ሆነ የሙዚቃ ድግስ ያው ነው፤ ባንዱ የመጨረሻውን ዘፈን ሲጀምር እሱ ገበያው ጋ ደርሷል።

እሑድ ቁጭ ብሎ፣ በዚያ አርባ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በተገራ የእጅ ጽሑፉ፣ አንድ ገጽ ብቻ ይጽፋል። ሰኞ ገጿን ለሹፌሩ ይሰጣል፤ ሹፌሩ ለሻፊቅ ያደርሳል፤ ሻፊቅ መስታወቱ አጠገብ ይለጥፋል፤ ሊላጭ የመጣ ሁሉ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ለዘመዱ ይልካል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሂራላል በከተማው ዝነኛ ሆነ፤ ዝናውም በሁለት ነገር ነው። አንደኛው መጨረሻ አለመናገሩ ነው። በየዓመቱ በቤተ መቅደሱ ሜዳ ለሚታየው፣ ሕፃን ሽማግሌው በቃሉ ለሚያውቀው የአማልክት ድራማ እንኳ፣ «ጋኔኑን ሆኖ የተጫወተው ሥጋ ሻጭ ሰይፉ ቢሰበርበት በካልቾ ቀጠለ። ማን እንዳሸነፈ አልነግራችሁም» ብሎ ጽፏል። ሁለተኛው መለኪያው ነው። ሌላው ኮከብ ይሰጣል፤ ሂራላል ሰዓቱን ስንት ጊዜ እንዳየ ይቆጥራል። «ልጅቷ በአንድ ዘፈን አምስት አገር ዞራ ሰባት ቀሚስ ቀየረች፤ ሻንጣ ግን አልያዘችም። ሰዓቴን ያየሁት ዘጠኝ ጊዜ።» ሦስት ጊዜ ካለ ሰው ይሰለፋል፤ አሥራ ሰባት ካለ ባለ ሲኒማው ራሱን ይይዛል። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ጥበብ ነው ይላል። ጥበብ አይደለም፤ አውቶቡስ ነው።

ሻፊቅ ምላጩን ወደ ቀኝ ጉንጩ ሲያመጣ ሂራላል እጁን ያዘው። ሌላኛው ጉንጭ እስኪላጭ ቢቆይ፣ ፊቱ ታጥቦ ወንበሩ ሲዞር፣ ከሰውዬው ጋር ዓይን ለዓይን ሊጋጠሙ ነው። ፎጣውን ከትከሻው ላይ ስቦ አረፋውን ጠረገ፤ በፎጣው አፉንና አፍንጫውን እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ሸፍኖ፣ ስድስት ዶላር መስታወቱ ሥር አስቀመጠና ቦርሳውንና ጃንጥላውን አንስቶ ወጣ። «ፎጣዬን» አለ ሻፊቅ። ፎጣው በመስኮት ተመለሰለት።

ውጭ ዝናብ ነው፤ ሱቫ ቅዳሜ ካልዘነበ ምኑን ቅዳሜ ሆነ። ሂራላል በጣሪያዎቹ ሥር እየተጠጋ ሲሄድ ቦርሳው ከወትሮው ከብዶታል። ጠዋት ሲወጣ ነገር ነበር። ሚስቱ ሱባጋ ሮቲውን፣ ስስ ቂጣውን፣ በወረቀት ስትጠቀልልለት፣ ቀና ሳትል፣ «ዛሬ እንግዲህ አውቶቡሱ አይጠብቅህም። ወንድምህ ቤት እደር» አለችው። እሱም እንደ ልማዱ፣ «በሞቲላል ጣሪያ ሥር ካደርኩ ስሜ ሂራላል አይደለም ብዬ ምያለሁ» አላት። «እንግዲያው ስምህን ቀይርና እደር» ብላው ወደ ጓዳ ገባች። ሲወጣ ቦርሳውን በር ላይ አስቀምጣለት አገኘው።

የወንድማማቾቹ ጠብ መነሻ መሬት አይደለም፣ ውርስም አይደለም። ያኔ ሂራላል በየቅዳሜው ሞቲላል ቤት ነበር የሚያድረው፤ ቱራክ ኮረብታ ላይ፣ ከሲኒማ ቤቱ የአሥር ደቂቃ ዳገት። አንድ ጊዜ ሦስት ወር የጠበቁት ፊልም ከሕንድ መጣ። ሂራላል ስልሳ ሰው በተሰለፈበት ወረፋ መሐል ቆሞ ሳለ፣ ቀድሞ ያየው ሞቲላል ከመንገዱ ማዶ ከጨርቅ ሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ ደስታው ገንፍሎበት፣ «ባያ! ዳኛው አባቱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ባያ ታናሽ ታላቁን የሚጠራበት የፍቅር ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን ፍቅሩን ማን አየለት። ሃያ ሰው ያህል ከወረፋው ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሂራላል እዚያው አስፋልቱ ላይ ማለ፤ ያቺን ማታ በአውቶቡስ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ መጨረሻ የሚባል ነገር በዓይኑ አላየም። አንድ ሰው አንድ መጨረሻ ቢነግረው፣ በንዴት ዘጠኝ መቶ መጨረሻ ራሱ ላይ ዘጋ። ይሄን አስልቶ ያውቀዋል፤ ማወቁ ነው የሚያናድደው። ሚስቶቻቸው ሱባጋና ራጅኩማሪ አልተጣሉም። በየበዓሉ የጣፋጭ ሰሃን ከቱራክ ወደ መንደር ይመጣል፤ ሰሃን ባዶውን አይመለስምና ሱባጋ ሞልታ ትመልሰዋለች። ወንድማማቾቹ ግን ሠርግ ላይ እንኳ የድንኳኑን ምሰሶ መሐላቸው አድርገው ነው የሚቀመጡት።

በሱቁ ፊት ሲያልፍ እንደ ወትሮው ወደ ሌላ በኩል አየ። ሞቲላል ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በር ላይ ቆሟል። ይሄ ሰውዬ ነው እንግዲህ «የጀመረውን ሳይጨርስ አይነሳም» ያለለት። ከሱቁ በር ላይ ሆኖ በየቅዳሜው ሲሮጥ የሚያየው ሰው። ነገሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው። ሂራላል የአንድ ዶላር የተቆላ አተር ገዛና እየቆረጠመ፣ ይሄ ሰው ለምን ዋሸልኝ እያለ፣ እስከ ሲኒማ ቤቱ ድረስ ሄደ። አተሩ አልጣመውም።

ማካሬታ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። የሠላሳ ዓመት ሴት ሆናለች፤ ለእሱ ግን አሁንም የአምስተኛ ክፍሏ ማካሬታ ናት፣ ድርሰት አሳምራ ጀምራ መሐል ላይ የምትተወው። «መጨረሻ የሌለው ድርሰት ግማሽ ማርክ» እያለ ደወል ከተደወለ በኋላ አስቀርቶ ያስጨርሳት ነበር። የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ አጠለቀችለትና ትኩር ብላ አየችው። «ማስተር፣ ፊትዎ ምን ሆኖ ነው? በአንድ በኩል…»

«ረጅም ታሪክ ነው» አላት።

«እሺ። ብቻ ዛሬ ከሁሉ የምፈራው እርስዎን ነው። ይህን መጨረሻ ሰባት ጊዜ ነው የጻፍኩት። ሁሌም ‹ደወሉ ተደውሏል፣ አንቺ ግን አልጨረስሽም› የሚለው ድምፅዎ ጆሮዬ ላይ ነው ያለው። ካልወደዱት በሁሉ ሰው ፊት ይንገሩኝ። አልቀየምም።» ሂራላል ለአውቶቡሱ የምትሆን አንዲት ሰበብ ጠዋት ከመንደር ሲወጣ አዘጋጅቶ ነበር፤ የሱባጋ የደም ግፊት የምትል። ምላሱ ላይ እንዳለች ቀረች።

በር ጠባቂው ኤሮኒ ቦታውን ጠብቆለታል፤ ከመውጫው አጠገብ፣ የመጨረሻው ረድፍ ጠርዝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያቺን በር የሚከፍትለት ኤሮኒ ነው፤ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲስቅ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ሰው። አንዳንዴ ሲያሳዝነው፣ «ና በቃ፣ የባለፈውን መጨረሻ ልንገርህ፤ ማንም አይሰማም» ይለዋል። ሂራላል ግን ያላየሁትን በወሬ አልሰማም ይላል። በዚህ ነገር የማለ ሰው ነው። «ዛሬስ?» አለው ኤሮኒ ዝቅ ብሎ። «ዛሬም በሩን ልከፍት ነው?»

«እናያለን» አለ ሂራላል።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብሎት ኤሮኒ ወደ በሩ ተመለሰ።

ፊልሙ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምራል ተብሎ ነበር። ጸሎት ተደረገ። ካቫ የሚባለው የሥር መጠጥ ተበጥብጦ ለእንግዶቹ በኮኮናት ቅርፊት ዞረ፤ እየተጨበጨበ ተጠጣ። የአካባቢው አለቃ ወኪል ተናገሩ፤ እሳቸው ሲቀመጡ ስማቸውን ሳይጠሩ የዘለሏቸው ሌላ ወኪል ተነሡ። ወጪውን የሸፈነው የብስኩት ፋብሪካ ሰውዬ ደግሞ የብስኩቶቹን ዓይነት ከነጣዕማቸው አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሂራላል ፊልሙ ገና ሳይጀመር ሰዓቱን አሥራ አንድ ጊዜ አየ። ከአራት ረድፍ ፊት ለፊት ያ ባለ አበባ ሸሚዝ ሰውዬ አንገቱን አዙሮ ይቃኛል። ጃንጥላ የያዘ ሽማግሌ ነው የሚፈልገው፤ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ጃንጥላ ያልያዘ ሽማግሌ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ ጠፋ። ታሪኩ በወንዝ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ሰውን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚጠራው፣ ከግንድ የተፈለፈለው ከበሮ ከቦታው ይጠፋል። መንደሩ ይታመሳል። አዲስ የመጣውን አስተማሪ ይጠረጥሩታል፤ ቀጥሎ ዓሣ አጥማጆቹን፤ ቀጥሎ የፓስተሩን ሚስት፣ በየጠዋቱ ከበሮው እንቅልፍ ነሳኝ ትል ነበርና። ሽማግሌው ፓስተር ብቻ ሁሉንም እያረጋጋ ይዞራል። ሂራላል መጀመሪያ ላይ እንደ ልማዱ ነገር ሲለቅም ነበር፤ አስተማሪው ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሲነሳ ሸሚዙ ለምን ነጭ ሆነ ብሎ በልቡ ጻፈ። ከዚያ መጻፉን ተወው። ፓስተሩ ለምን እንዲህ የሚያናግረውን ሰው አፍ አፉን እያየ ይሰማል ሲል አሰበ፤ ለምንድነው ከኋላው ሲጠሩት የማይዞረው።

አሥር ተኩል ሆነ። ሰዓቱን ሳያይ አወቀው፤ ጉልበቱ በራሱ ጊዜ ተነሳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ ጉልበት ነው። ጃንጥላውን ይዞ በሩ ጋ ደረሰ። ኤሮኒ በሩን ገርበብ አደረገው፤ የመንገዱ ብርሃንና የዝናቡ ድምፅ ገባ። ከአራት ረድፍ ፊት ለፊት አንድ አንገት ቀና አለ። ከፊተኛው ረድፍ ደግሞ ማካሬታ ዞር አለች፤ ብርሃኑ ነው ያዞራት። ማንነቱን ከዚያ ርቀት ማየቷን አላወቀም፤ ብቻ ወደ በሩ ነበር የምታየው። ከደጁ አውቶቡስ ጡሩንባ ሰማ። አሁን ቢወጣ ይደርሳል። ባለ አበባ ሸሚዙ ጉዱን ያወጣዋል፤ ልጅቷ መድረክ ላይ ቆማ ስሙን ትጠራለች፤ ሰው ወዲያና ወዲህ ይተያያል። ቢቀር ደግሞ ያለው አንድ ጣሪያ የሞቲላል ነው። ታክሲ ሰባ ዶላር ነው፤ ይሄ የሱባጋ የሳምንት አስቤዛ ነው። በሩ ላይ ግማሽ አካሉ ውስጥ ግማሽ አካሉ ውጭ ሆኖ ቆመ።

በዚህ መሐል ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ከፓስተሩ ቤት ወለል ሥር ገብታ ከበሮውን አገኘችው። ሽማግሌው ደረሰባት። አልተቆጣም። አጠገቧ ተንበርክኮ፣ ምቺው አላትና መዳፉን ግንዱ ላይ ዘርግቶ አስቀመጠ። ልጅቷ መታች። ፓስተሩ በመዳፉ ሰማ። ሁለት ዓመት ሆኖታል በጆሮው ከሰማው። ደንቁሯል፤ ከበሮው ሲመታ እሱ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥና ሰው እንዳያውቅበት፣ ሁሉም እንዳይሰማ አድርጎ ሰረቀው። ሂራላል በሩን ለቀቀው። ኤሮኒ ቀስ ብሎ ዘጋው። ሽማግሌው በምእመኑ ፊት ቆሞ እኔ ነኝ ብሎ ሲናገር፣ ልጅቷ ደግሞ እጁን ይዛ ከበሮው ላይ ስታስቀምጥለት፣ ማስተር ሂራላል ቆሞ፣ ጃንጥላውን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ ያለቅስ ነበር። ለካ መጨረሻ ማለት ይሄ ነው። ለካ የፊት የፊቱ ሁሉ ወደዚህ ነው የሚመጣው። ዘጠኝ መቶ ጊዜ ከጠረጴዛ የተነሳው ምግቡ ሳይቀርብ ነበር።

ስሙ ተጠራ። ጉንጉኑን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ አንድ ጉንጩ ልስልስ ሌላው ጉንጩ ነጭ ገለባ ሆኖ፣ መድረክ ላይ ወጣ። ማይክሮፎኑን ያዘ። መናገር ያሰበውን አያውቅም፤ ፓስተሩ ግን ከዓይኑ አልጠፋም። «እኔ ስለ ፊልም መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለ። «እውነቱን ልንገራችሁ። አንድም መጨረሻ አይቼ አላውቅም። የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ሁልጊዜ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው የምወጣው። ሰዓቴንም የማየው ለዚሁ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የብስኩት ፋብሪካው ሰውዬ ጉልበቱን ይመታል። «እውነቴን ነው» አለ ሂራላል፤ ይብሱኑ ሳቁ። «የኮሮቮውን ሹፌር ጠይቁት» ሲል ሴቶቹ በመሐረብ ዓይናቸውን ጠረጉ። እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው አለች አንዷ ጮክ ብላ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ኤሮኒ ነው። ሁለተኛው ባለ አበባ ሸሚዙ፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «እውነት ነው እኮ የሚለው፤ ሹፌሩ የሚስቴ አጎት ነው፤ ደግሞ ጠዋት ፀጉር ቤት ግማሽ ፊቱን…» ሲል፣ ከኋላ ያሉት ሸሚዙን ጎትተው አስቀመጡት። አትረብሽ፣ ማስተር እየተናገሩ ነው አሉት። ውሸት ሲናገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የታመነ ሰው፣ እውነት ቢናገር ማን ይመነው።

«ስለ መጨረሻውስ ማስተር?» አለች ማካሬታ፣ እሷም ስቃ ከንፈሯን እየነከሰች።

ሂራላል ወደ እሷ ዞረ። ብዙ ሊል ነበር፤ አልወጣለትም። «ጨርሰሻል» አላት። «ሙሉ ማርክ።» እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ሰውም አጨበጨበ።

ሲወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አውቶቡሱ ኮሮቮ መንገድ ላይ ነው። ከሲኒማው ደረጃ ላይ ቆሞ ለሱባጋ ደወለ።

«የት ነህ?»

«ሱቫ።»

«አውቶቡሱስ?»

«ሄደ።»

የድስት ክዳን ድምፅ ተሰማ። «እንግዲያው ለራጅኩማሪ ሰላም በልልኝ» አለችና ዘጋችው። ቦርሳውን ከፈተ። የሌሊት ልብሱ፣ የጥርስ ብሩሹ፣ የግፊት ክኒኑ፣ ከሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ብልቃጥ የማንጎ አቻር፣ ቅመም የገባበት ማባያ። እሱ ገና ሲያቅማማ እሷ ጠዋት ወስና ጨርሳለች። ሴትዮዋ የፊልሙን መጨረሻ ሳትገባ አውቃዋለች።

የቱራክን ዳገት በዝናብ ወጣው። እግሩ መንገዱን አልረሳም። በሩን የከፈተችው የሞቲላል ሚስት ራጅኩማሪ ናት። የባሏን ታላቅ ስታይ እንደ ወጉ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገችና፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «ጫማዎን እዚህ ያውልቁ፣ ርሷል። ራት ቀርቧል» አለች፤ ባለፈው ቅዳሜ ያደረ ሰው ይመስል። ብልቃጡን ተቀብላው ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰሃን ተቀምጧል። ሱባጋ ደውላለች ማለት ነው።

ሞቲላል ጋዜጣውን አጠፈ። ወፍሯል፤ ከሩቅ ሲያየው እንዲህ የወፈረ አይመስለውም ነበር። «ባያ» አለ ሞቲላል። ሂራላል ይህን ቃል ከሰማ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «ባያ፣ ግማሽ ፊትህ አልተላጨም።»

«አውቃለሁ» አለ ሂራላል፤ ተቀመጠም። እርቁ ይሄው ነበር።

ምስር አለ፣ የቆርቆሮ ዓሣ በሽንኩርት የተጠበሰ፣ ሮቲ፣ አቻሩ መሐል ላይ። በሉ። ሞቲላል ቲማቲም ኪሎው አሥራ አንድ ዶላር ገባ አለ። ሂራላል ኮሮቮ ዘጠኝ ነው አለ። ሞቲላል ዝናቡ ነው አለ። ሂራላል አዎ፣ ዝናቡ ነው አለ። ራጅኩማሪ ሮቲ ጨመረች። ሞቲላል አንዴ የጨው ዕቃውን፣ አንዴ ውሃውን ሲያንቀሳቅስ ቆየና፣ ከሸሚዝ ኪሱ አንዲት ትኬት አውጥቶ ሰሃኑ አጠገብ አስቀመጠ።

«ለነገ ነው። የዛሬው አልቆብኝ ነበር።» ከዚያ ሮቲውን አስቀመጠ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ ጥርስ ሊነቅሉለት እንደተቀመጠ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። «በል ንገረኝ። መብትህ ነው። ያን ቀን ክፋት አልነበረብኝም፤ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ስትሮጥ ባየሁ ቁጥር ምግብ አይበላልኝም። ለማንም መጨረሻ ተናግሬ አላውቅም።»

«እውነት ነው» አለች ራጅኩማሪ ወለሉን እያየች። «አብረን አይተን ስንመለስ እንኳ ለእኔ አያወራኝም።»

ማስተር ሂራላል የጎረሰውን አላመጠ። ይህን ቀን ስንት ሌሊት ተመኝቶታል። በአውቶቡስ መስኮት ራሱን ተደግፎ፣ ሞቲላል ወረፋ ላይ ቆሞ እሱ ከመንገድ ማዶ ሲጮህ፣ ስንቴ በሐሳቡ አይቶታል። አሁን አምስት ቃል ይበቃዋል፤ ከበሮውን የሰረቀው ፓስተሩ ራሱ ነው። ወንድሙን አየው። የጨፈነው ዓይኑ ሽፋሽፍት ሸብቷል። ውሃ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሰረቀችው የፓስተሩ ሚስት ናት» አለ።

ሞቲላል ፊቱን ጨምደድ አደረገ፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ዓይኑን ገለጠ። «ሚስቱ» አለ። «እሷን አላሰብኳትም ነበር። በቃ። ተካካስን?»

«ተካካስን።»

«አቻሩን አቀብለኝ እንግዲህ» አለ ሞቲላል፤ ሦስተኛ ሮቲ ጀመረ።

ሰሃኑ ሲነሳ ሂራላል ደብተሩን አወጣ። ወትሮ እሑድ ነው የሚጽፈው፤ ዛሬ ግን እስከ ነገ አላስቻለውም። ስለ ብስኩቶቹ ጻፈ፤ ጭቃ ስላልነካው ነጭ ሸሚዝ ጻፈ፤ አንዲት ሴት ጀምራ ስለጨረሰችው ሥራ ጻፈ። ሞቲላል ወንበሩን አስጠግቶ በትከሻው ላይ እያነበበ ነበር፤ ድሮም እንዲህ ነበር፣ ትንፋሹ አንገቱ ላይ። እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አነበበና ገረመው።

«መጨረሻውን አትጽፈውም?»

«ሞቲ፣ እኔ እኮ መጨረሻ ተናግሬ አላውቅም።»

«አሁን ለእኔ ነገርከኝ አይደል እንዴ?»

ሂራላል ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ደፋው፤ ብዕሩን ዘጋ። «ነገ እሑድ ነው፣ አውቶቡስ የለም» አለ። «ለእኔም አንድ ትኬት ቁረጥልኝ። ካንተ አጠገብ ይሁን፤ ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ።»